የሶፍትዌር ቡድኔን በነጥብና በሽልማት ላነቃቃው?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት የቡድን መሪ ነኝ። ዘጠኝ ዴቨሎፐሮች አሉኝ። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የብድርና የግብዓት ሲስተም እንሠራለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ የልጆቹ ወኔ ቀዝቅዟል። ሥራ አስኪያጃችን ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ለተዘጋ ታስክ ነጥብ፣ ለተገኘ ባግ (የኮድ ስህተት) ነጥብ፣ በየቀኑ ኮሚት ላደረገ (የኮድ ለውጥ ላስመዘገበ) ተጨማሪ ነጥብ። በወሩ መጨረሻ አንደኛ የወጣው ስልክ ይሸለማል። ስልኩ ተገዝቷል። ይህ ነገር ይሠራል? ካልሠራስ በምትኩ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አጭሩን ላስቀድም። በተነደፈው መልኩ ከተጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይሞቃል። ቢሮው ይነቃቃል፤ ሥራ አስኪያጁም ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቡድንዎን መጉዳት ይጀምራል። ስክሪኑ በዚህ መልኩ ባይሰቀል እመርጣለሁ።

ይህን ስል ጨዋታና ውድድር ለሶፍትዌር ሥራ አይሆኑም ማለቴ አይደለም። ይሆናሉ። ነገሩ የሚበላሸው ነጥቡ ለግለሰብ ሲሰጥ፣ የሚሰጠውም በቀላሉ ለሚቆጠር ነገር ሲሆን፣ በላዩ ላይ ደግሞ ውድ ሽልማት ሲንጠለጠልበት ነው። የእናንተ ዕቅድ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዟል።

ከሚቆጠረው እንነሳ። የብድር ሲስተም ስለምትሠሩ ከጳጉሜን ጋር በደንብ ትተዋወቃላችሁ። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ሆናለች፤ በ2019 ዓ.ም. ትደግማለች። በቅርብ የማውቀው አንድ ቡድን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ የጻፈው ኮድ ነበረው። ሲስተሙ ጳጉሜን 6ን መስከረም 1 ይላታል። እውነተኛው መስከረም 1 ደግሞ መስከረም 2 ይሆንበታል። በቀጠሮው ቀን የከፈለ ገበሬ አንድ ቀን ዘግይቷል ተብሎ ቅጣት ይጻፍበታል ማለት ነው።

ይህን ስህተት ያሳደደችው ልጅ ለቀናት አንድም ኮሚት አላደረገችም። ኮዱን ታነባለች። የድሮ ብድሮችን በወረቀት ታሰላለች። ከሂሳብ ሠራተኞቹ ጋር ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ ያስገባችው ለውጥ ከአሥር መስመር አይበልጥም። በዚያው ሳምንት አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ የቁልፎችን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀይር ነበር። ለ«አስቀምጥ» አንድ ታስክ ከፈተ። ለ«ሰርዝ» ሌላ ታስክ ከፈተ። ለ«ተመለስ» ሌላ። እያንዳንዱን በየራሱ ኮሚት ዘጋ። ቡድኑ ልክ እንደ እናንተ ዕቅድ ያለ የነጥብ ሰንጠረዥ ነበረው። እሱ አንደኛ ሆነ፤ እሷ መጨረሻ።

ልጁ ላይ መፍረድ ልክ አይደለም። ሕጉ አድርግ ያለውን ነው ያደረገው። ለእኔ ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሚቀጥለው ወር እንደዚያው ያለ ጠጣር ባግ ሲመጣ ልጅቷ ዝም አለች። ሌላም ሰው አልነካውም። ሁሉም ትንንሹን ሥራ ይሻማል፤ ትልቁ ማንም ሳይደርስበት ይከርማል። ይህን ጉዳት ስክሪኑ አያሳይም። እንዲያውም ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ነው።

ይህ የዛሬ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ አንስቶታል። ለመለኪያ የሚያገለግል ቁጥር ሰው የሚቆጣጠሩበት ሲሆን መለካቱን ይተዋል። በእኛ ሙያ ደግሞ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ውስጥ የሊዛ ኮምፒውተርን ሶፍትዌር የሚሠሩ ኢንጂነሮች በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ ቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ። ቢል አትኪንሰን በዚያ ሰሞን አንዱን የግራፊክስ ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ ስድስት እጥፍ ገደማ ፈጣን አድርጎታል። ኮዱ ደግሞ በ2,000 መስመር ያህል አጥሯል። ቅጹ ላይ -2000 ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኃላፊዎቹ ቅጹን ሙላ ማለታቸውን ተዉት።

ለባግ የሚሰጠው ነጥብም ያው ነው። ቴስት የሚያደርገው ሰው አንዱን ስህተት አምስት ቦታ ከፍሎ ይመዘግባል። ዴቨሎፐሩ «ይሄ ባግ አይደለም፣ ጥያቄው ራሱ እንዲህ ነበር» ብሎ ይሟገታል። ትናንት አብረው ቡና የሚጠጡ ልጆች ዛሬ በነጥብ ይካሰሳሉ።

«በየቀኑ ኮሚት» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዴቨሎፐሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና የሚጋሩበት ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ ቀድሞ በእያንዳንዱ ሰው ገጽ ላይ ሳያቋርጥ ስንት ቀን እንደሠራ የሚቆጥር ቁጥር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 አነሳው። ተመራማሪዎች ከመነሳቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አውጥተዋል። ቁጥሩ ሲጠፋ ረጃጅሙ ተከታታይ ሥራ ተቋረጠ። የቅዳሜና እሁድ ሥራ ቀነሰ። በቀን አንድ ነገር ብቻ ነካ ተደርጎ የሚታለፍባቸው ቀኖችም አነሱ። ብዙ ሰው ቁጥሩ እንዳይሰበርበት ብሎ ኮምፒውተሩን ይከፍት ነበር ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ባሕር ዳር ያምጡት። አንዱ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሌላው ሰፈር በርቶ ይውላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀን ቢሮ ደርሶ ሥራውን በራሱ ላፕቶፕ ላይ የጨረሰ ልጅ ኮሚቱ ሰርቨሩ ላይ አይታይም። እሁድን የሚያከብር አለ። ለፋሲካ ሞጣ ወይም ደንበጫ ቤተሰቡ ዘንድ የሚሄድ አለ። ዓመት በዓል ላይ ዶሮ ወጥ ከቀረበበት ገበታ ተነስቶ ኔትወርክ ፍለጋ የሚወጣ ሠራተኛ ትጉህ አይባልም፤ ተጨንቋል። እንዲህ ያለ ሕግ ትጋትን ሳይሆን የሰፈርን ትራንስፎርመር ነው የሚሸልመው። ሌላውን ሁሉ ሥራ አስኪያጁ አልቀበልም ቢሉ እንኳ ይህችን አንዷን ነጥብ እንዲያስቀሩ አጥብቀው ይለምኑልኝ።

ወደ ሽልማቱ እንሂድ። ዲጂታልኦሽን የተባለው ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሀክቶበርፌስት የሚባል ዘመቻ ያካሂዳል። ዓላማው ሰዎች ለኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ለሆነ) ፕሮጀክቶች እንዲሠሩ ማበረታታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ፑል ሪኩዌስት (ይህን የኮድ ለውጥ ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ያስገባ ሰው ቲሸርት ያገኝ ነበር። ምን ሆነ? የፕሮጀክት ባለቤቶች በማይረባ ፑል ሪኩዌስት ተጥለቀለቁ። መግለጫው ላይ አንድ ቃል ጨምሮ የሚልክ፣ ነጠላ ሰረዝ ቀይሮ የሚልክ መዓት ሆነ። በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች ቀናቸውን ሙሉ ቆሻሻ ሲጠርጉ ዋሉ። አዘጋጆቹ በዘመቻው መሃል ሕጉን ቀይረው «መሳተፍ እንፈልጋለን» ያሉ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲቆጠሩ አደረጉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ቲሸርት ነው። ስልክ ቢሆን ያስቡት።

ሽልማት ሌላም የረቀቀ ጉዳት አለው። ሰው በፍቅር የሚሠራውን ነገር ፍቅሩን ያሳጣዋል። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ተማሪዎችን ቁርጥራጭ የመገጣጠም እንቆቅልሽ እያስፈታ ሞክሮታል። ለፈታህ እከፍልሃለሁ የተባሉት፣ ክፍያው ሲቆም በዕረፍት ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የሚነኩት ቀነሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት አለ» ብለው ቀድመው ነገሩ። ለሌላው ምንም ሳይሉ ከሣለ በኋላ ድንገት ሰጡት። ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከቀናት በኋላ ሽልማት የተነገራቸው ልጆች ቀለሙን የሚያነሱት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልተነካም። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ። ቀድሞ የተለፈፈ ሽልማትና ሳይጠበቅ የመጣ ምስጋና በሰው ልብ ውስጥ የተለያየ ነገር ይሠራሉ።

በብዙ ቢሮ ደግሞ ነጥብ ከመስጠት አልፎ መቀነስ አለ። ያረፈደ ይቀጣል፣ ሲስተሙን የሰበረ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል። ጨዋታ ይመስላል። እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ከተማ አሥር የሕፃናት ማቆያዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የወጣው። ከአሥሩ በስድስቱ ልጃቸውን ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች ላይ ቅጣት ተጣለ። የሚያረፍደው ሰው በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሳም አልቀነሰም። ቀድሞ ሰውን ማስቸገር ያሳፍር ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን «ከፍያለሁ» ሆነ። ሲስተም መስበርም ከማኪያቶ ዋጋ ጋር ባይተሳሰር ይሻላል።

ስክሪኑ ራሱስ? ዘጠኝ ሰው ያለበት ሰንጠረዥ አንድ አንደኛ ያወጣል፤ ስምንት ሰው ደግሞ በአደባባይ ከእሱ በታች ያደርጋል። በሁለተኛው ወር ማን እንደሚያሸንፍ ሁሉም ያውቀዋል። ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ገና የተመረቀው ልጅ ከስምንት ዓመት ልምድ ጋር ተሰልፎ ስሙ ከታች ይውላል። ነባሩ ደግሞ አዲሱን ቁጭ አድርጎ ቢያስተምረው የራሱ ነጥብ ይቀንሳል። ማገዝ ኪሳራ ሆነ ማለት ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ቅሬታውን ቶሎ አይናገርም። ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ የዲዝኒላንድ ሆቴሎች ልብስ አጣቢዎች ፍጥነታቸው ከነስማቸው በስክሪን ላይ ይታይ እንደነበር ተዘግቦ ነበር። ሠራተኞቹ ስክሪኑን «የኤሌክትሮኒክስ አለንጋ» ይሉት ነበር። ቁጥሩ እንዳይወርድባቸው ሽንት ቤት መሄድ የተዉ ነበሩ።

እንግዲህ የሚሠራው የትኛው ነው? ጎጃም ውስጥ ሆኖ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ይዩ። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ደረጃው ግልጽ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ተማሪው የሚያልፈው ግን ጓደኛውን ስለበለጠ አይደለም። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ፣ ተመልሶ አስተካክሎ፣ ሲችለው ነው። የአንዱ መውጣት የሌላውን ቦታ አይነጥቅም። የገፋው ጀማሪውን ያግዛል። ለቡድንዎ የምፈልገው ጨዋታ እንዲህ ያለ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር ይወዳደር።

ጉግል ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) የመጻፍን ልማድ ያስፋፋው በዚህ መንገድ ነበር። አምስት ደረጃ አወጣ። ደረጃው የሚሰጠው ለቡድን ነው። መጀመሪያው ላይ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ ኮዱ በራሱ የሚገጣጠምበትንና የሚፈተሽበትን ሥርዓት መዘርጋት፣ ቴስቶቹን በመጠን መለየት፣ አንዴ አልፈው አንዴ የሚወድቁትን ማወቅ። አምስተኛው ላይ ማንኛውም ለውጥ ከመግባቱ በፊት ቴስቱ በራሱ ይሮጣል። አንዱን ደረጃ በሦስት ወር ውስጥ መወጣት ይቻል ነበር። የየቡድኑ ደረጃ በውስጥ ገጽ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሌላ ሥርዓት እስኪተካ ድረስ ከ1,500 በላይ ፕሮጀክቶችን አሻሽሏል። ልብ ይበሉ፤ እዚህም ሰሌዳ አለ፣ እዚህም ፉክክር አለ። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የሰው ስም የለም። የተቆጠረውም ሥራውን በእውነት የሚያሻሽል ነገር ነው።

ለእናንተ ደረጃዎቹን ቡድኑ ራሱ ቢያወጣቸው ይሻላል። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያው ላይ የወለድና የቅጣት ስሌት በሙሉ ቴስት እንዲኖረው አደርጋለሁ፤ ጳጉሜን 6 ጨምሮ። ሁለተኛው ላይ ማንኛውም ፑል ሪኩዌስት በዚያው የሥራ ቀን ከባልደረባ የመጀመሪያ መልስ ያገኛል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን ሥራውን ጨርሶ ሦስት ቀን «እባክህ እየው» እያለ የሚለምን ዴቨሎፐር ወኔው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ከመጠባበቂያ ቅጂ ሙሉ ዳታቤዝ መልሶ ማንሳትን በተግባር መለማመድ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። አራተኛው ላይ አንድ ጊዜ ተስተካክሏል የተባለ ባግ ለወር ያህል ሳይመለስ መቆየት። እዚህ ላይ አምስተኛውን ባዶ ይተዉት። ልጆቹ ይሙሉት።

በየደረጃው ላይ ሁለት ቁጥር አብረው ይያዙ። አንዱ ፍጥነትን ካየ ሌላው ጥራትን ይይ። ለምሳሌ ሪቪው (የባልደረባን ኮድ ማየት) ፈጠነ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ አብረው ከደንበኛ የተመለሰው ባግ ጨመረ ወይ ብለው ይጠይቁ። አንዱ ተሻሽሎ ሌላው ከወረደ ጨዋታው እየተጭበረበረ ነው። የሰው ጥፋት ነው ብለው አይሂዱበት፤ ሕጉን ያስተካክሉ። ሌላው፣ ቁጥሩ ለደመወዝ ጭማሪና ለዕድገት መመዘኛ በጭራሽ አይሁን። የሰው እንጀራ የተንጠለጠለበት ቁጥር እውነቱን አይናገርም። ወቅቱም ያጭር። ስድስት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ አርፈው፣ ተወያይተው፣ ሌላ ይጀምሩ። ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ሥራ ይሆናል።

የግለሰብ ምስጋና ይቅር አላልኩም። ሰው ስሙ ሲነሳ ደስ ይለዋል። ግን ከማሽን ሳይሆን ከባልደረባው አፍ ይስማው። ዓርብ ከሰዓት ቡና ሲፈላ እያንዳንዱ ሰው «በዚህ ሳምንት ያገዘኝ» ብሎ አንድ ስምና አንድ ምክንያት ይናገር። «እሷ የቀኑን ስሌት ባታሳየኝ ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሃምሳ ነጥብ ይበልጣል። ኮሚት የማይቆጥረው ሥራ ሁሉ የሚታየው እዚያ ነው። ጀማሪን ያስተማረ፣ ከተናደደ ደንበኛ ጋር በስልክ የታገለ፣ መጥፎ ሐሳብ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመ።

የአንድ ቀን ውድድርማ ግሩም ነገር ነው። ቢያንስ በወር አንዴ ያድርጉት። የሚሠራው ደግሞ ሁሉም ሰው የሚችለው፣ ግን የማንም ድርሻ ያልሆነ ሥራ ሲመረጥ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ሲያዘጋጅ እንዲህ አድርጎ ነበር። በሮስ ስሚዝ የሚመራው ቡድን የትርጉም ስህተት የሚታደንበት ጨዋታ ሠራ። በየአገሩ ያሉ ሠራተኞች በፈቃዳቸው በራሳቸው ቋንቋ የተጻፉ ስክሪኖችን እያዩ ስህተቱን ምልክት ያደርጋሉ። ከ4,000 በላይ ሰው ተሳትፎ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ስክሪን ታየ። ፉክክሩ በቋንቋና በቋንቋ መካከል ስለነበር ሰው ለአገሩ ነው የተጫወተው። የሚጠየቀው ችሎታም የእናት ቋንቋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ ክፍሉም፣ ጽሕፈቱም እኩል ተጫዋች ነው።

እናንተም ይህን ነገ ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከማኅበራቱ ሁለት ሦስት የሂሳብ ሠራተኞች ይጋብዙ። ከዴቨሎፐሮቹ ጋር እያቀላቀሉ በሦስት ቡድን ይክፈሏቸው። የሲስተሙን የአማርኛ ገጾች ይሰጧቸው። ገበሬው የማይገባውን፣ የተጣመመውን፣ ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠውን ቃል ያድኑ። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚል መልእክት ማዳበሪያ በሚያድል ማኅበር ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ያኔ ይሰማሉ። የአንድ ቀን ጨዋታ ስለሆነ ነጥቡን ማንም አያጭበረብርለትም። አሸናፊውን ምሳ ይጋብዙ፤ ሌሎቹንም አብረው ይጋብዙ።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ የተደበቀውን ልንካ። ወኔው ለምን ቀዘቀዘ? ስክሪኑ ከመሰቀሉ በፊት ይህ መጠየቅ ነበረበት። ዘጠኙን አንድ በአንድ፣ ከቢሮ ውጭ ያናግሯቸው። ምናልባት ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልሄደም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ነጥብ ያናድዳቸዋል እንጂ አያነቃቃቸውም፤ ለሥራ አስኪያጁም በግልጽ ይንገሯቸው። ምናልባት ሰኞ የታዘዘው ረቡዕ ይሰረዛል። ምናልባት የሠሩት ነገር ማን እንደሚጠቀምበት አይተው አያውቁም።

የመጨረሻው ከሆነ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት አለ። ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በዚያ ገንዘብ የተማረ አንድ ልጅ ለአምስት ደቂቃ ያህል አገኙ። ከወር በኋላ ስልክ ላይ የሚያጠፉት ጊዜም የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ነጥብም ሽልማትም አልነበረም። ስለዚህ በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ማዳበሪያ በሚታደልበት ወቅት፣ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው መራዊ ወይም ቡሬ ወዳለ ማኅበር ይላኩ። ከሂሳብ ሠራተኛዋ ጎን ይቀመጡ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቷል። ገጹ አልከፍት ብሎ ይሽከረከራል። እሷ መጠበቁን ትታ በካርቦን ደረሰኝ ትጽፋለች፤ ማታ ኔትወርክ ሲመለስ ሁሉንም እንደ አዲስ ታስገባለች። ይህን ያየ ዴቨሎፐር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ክፍል ለመጻፍ ነጥብ አይጠይቅም።

ሥራ አስኪያጁ ስክሪን ከፈለጉ ስክሪኑ ይሰቀል። የሚታየው ግን የቡድኑ ደረጃ፣ ዛሬ ያለ ችግር የዋሉት ማኅበራት ብዛትና መልስ የሚጠብቁ ፑል ሪኩዌስቶች ይሁኑ። ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ። ሠራተኛውም አንገቱን አይደፋም።

ስልኩን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው አይስጡት። የቡድኑ የሙከራ ስልክ ያድርጉት። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ሸጠው ገበሬውና የማኅበሩ ሠራተኛ የሚይዙትን ዓይነት ሁለት ሦስት ርካሽ ስልክ ይግዙበት። የመጀመሪያው ደረጃ ሲታለፍ ደግሞ ቀድመው ሳይናገሩ ዓርብን ግማሽ ቀን ነጻ ያድርጉላቸው፤ ወይም ጣና ዳር ዓሣ ይጋብዟቸው። የሚቆይ ነገር መስጠት ከፈለጉ መብራት ሲሄድ ሥራ የማያቋርጥ ባትሪ፣ ወይም ልጆቹ የመረጡት ሥልጠና ክፍያ ይሁን።

ከመጀመርዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ መዝግበው ይያዙ። አንድ ፑል ሪኩዌስት የመጀመሪያ መልስ እስኪያገኝ ስንት ሰዓት ይወስዳል? በሳምንት ስንት ባግ ከደንበኛ ይመለሳል? ከዚያ ደረጃውን ይጀምሩና በሦስተኛው ሳምንት ያነጻጽሩ። በዚያው ቀን አንድ ጥያቄ በወረቀት፣ ያለ ስም ይጠይቁ፦ «ይህ ጨዋታ ሥራህን አቀለለልህ ወይስ አከበደብህ?» ከዘጠኙ ሦስት ሰው «አከበደብኝ» ካለ ስድስቱን ሳምንት አይጠብቁ፤ እዚያው ያቁሙትና ምን እንደከበደ ከእነሱ ጋር ይቀመጡበት።